በቀለም የተሸፈኑት ዘጠኝ ቺፖች

ማክሰኞ፣ ጥር 15

በጥፊ መታኝ። ሰባት ሰው እያየ። ከንፈሬ ተተርትሮ ደሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ተንጠባጠበ። መጀመሪያ የጠረግሁት ኮምፒዩተሩን ነው፤ ለዚህ ራሴን ጠላሁት።

የሶፊ ወረዳ ገበሬዎች የዘር እህል ዝርዝር ለግብርና ቢሮአችን አሮጌ ማሽን ስለበዛበት ተጨማሪ የሜሞሪ ቺፖች ከአዲስ አበባ ተላኩ። ዛሬ ዘጠኙን ባዶው ረድፍ ላይ ሰክቼ አበራሁት። ደጋግሞ ጮኸ፤ ስክሪኑ እንደጨለመ ቀረ። ኃላፊያችን ጓድ መርዕድ “አሻጥር” አለ። ከዚያ እጁ ተከተለ። እስከ ዓርብ ካልሠራ ለደኅንነት አሳልፎ ይሰጠኛል። አጎቴ በዚሁ ቃል ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ጉንጬ አብጧል። እናቴ እርጥብ ጨርቅ እየያዘችልኝ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ አላህ ያያል ትላለች። ይይ። እኔም አይቻለሁ።

አዲሶቹን ስነቅል ማሽኑ ይነሳል። ስመልሳቸው ይጮሃል። እግራቸው አልታጠፈም። አቅጣጫቸውም ልክ ነው። አራት ጊዜ ነቀልኩ፣ አራት ጊዜ ሰካሁ፤ ጣቴ ተበሳስቷል። አምስተኛው ላይ ማሽኑን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ዳዳኝ፤ መርዕድ ከታች ቆሞ ቢሆን እወረውረው ነበር።

የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ የአንድ ረድፍ ዘጠኝ ቺፖች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ይላል። ዓይነታቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። ጀርባቸው ላይ ግን ያለው ነጭ የዘይት ቀለም ነው፤ በቀለሙ ላይ የንብረት ቁጥር። ወንበሩም፣ ቅርጫቱም፣ የመጥረጊያው እንጨትም እንደዚያው ነው። ቺፖቹን አይቀቡብኝ ብዬ የንብረት ክፍሉን ጋሽ ታደሰን ለምኛቸው ነበር። “ቁጥር የሌለው ዕቃ የመንግሥት አይደለም፣ ልጄ” ነበር መልሳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ጋሽ ታደሰን መጋዘን ውስጥ በር ዘግቼ ያዝኳቸው። ስንት ቺፕ መጣ? አሥራ ስምንት። በሁለት ካርቶን፤ ዘጠኙ ለእኛ፣ ዘጠኙ አቦከር ላለው ቅርንጫፍ ትንሽ ማሽን። እሳቸው ሁሉንም አንድ የከረሜላ ጣሳ ውስጥ ገልብጠው ቀቡ፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያለውን ለእኔ ሰጡ። መጠናቸውና እግራቸው እኩል ነው፣ ምን ለያቸው አሉኝ።

ቀለሙን ልፍቀው ስል ጣሳውን አቀፉት። ቁጥር ማጥፋት ያሳስራል አሉ። ከእቅፋቸው ነጠቅኩት። ክርናቸው መደርደሪያው ጋር ተጋጭቶ ተላጠ። ሽማግሌ ገፋሁ። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ፈላና በር ካለው ታፔላ ጸሐፊ ቀለም የሚያስለቅቅ አኳራጅ ለምኜ በጥጥ እያስነካሁ ፈቅኩ። ከሰጡኝ ዘጠኝ አምስቱ 256 የሚል አላቸው፤ አራቱ 64፣ የትንሹ ማሽን። የጎደሉኝን አራት 256 ከጣሳው አወጣሁ። ሳቅኩ፣ ከንፈሬ እንደገና ደማ።

ዓርብ፣ ጥር 18

ዘጠኙንም 256 ሰክቼ አበራሁ። የሜሞሪው ቁጥር ስክሪኑ ላይ እየቆጠረ ወጣ፤ 256ን አለፈ፣ 512 ላይ ቆመ። አልጮኸም።

መርዕድ ስክሪኑን ሳይሆን የተፋቁትን ቺፖች አየ። የንብረት ቁጥር ማን ፋቀ አለ። እኔ አልኩ። እጁ ተነሳ። ቺፖቹን የነቀልኩበት ካቻቢቴ በእጄ ነበር፤ ጫፉን ወደ ጉሮሮው አቀናሁት። እስከ ዛሬ እርስዎ እለው ነበር።

“አውርድ። ሁለተኛ ብትነካኝ ይሄ ጉሮሮህ ውስጥ ይገባል።”

ከበሩ በኩል ጋሽ ታደሰ፣ ክርናቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ “ጓድ፣ ዕቃውን የደባለቅሁት እኔ ነኝ። አሻጥር ካሉ ከእኔ ይጀምሩ” አሉ።

መርዕድ እጁን አወረደ። ሰኞ እንተያያለን ብሎ ወጣ።

የሶፊ ዝርዝር ከማተሚያው እየተንቀጫቀጨ ሲወጣ ለጋሽ ታደሰ ክርን አዮዲን ቀባሁላቸው። አቃጠላቸው መሰለኝ፣ ክርናቸውን ሰበሰቡ። ሰኞ መርዕድ ብቻውን ይምጣ ወይም ሰው አስከትሎ፣ አላውቅም። ካቻቢቴውን ግን ወደ መሣሪያ ሣጥኑ አልመለስኩም። የንብረት ቁጥሩ 41 ነው።