አየነው ካልፈቀደ

ሰኞ፣ ኅዳር ፲፱፣ ገብርኤል

ብዕሩን የያዘችው ልጄ እታገኝ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ የታከለ ነው። አታሳምሪው ብያታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍ ግን አላጣሁም።

ዛሬ እንግዳ መጣብን። ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ አንድ መምህር ከነተማሪዎቹ። ተማሪ ሲሉኝ ሕፃን መስሎኝ ነበር። ጢሙን ያጎፈረ አለበት፣ ባል ያገባች አለችበት። አንዱን ዲግሪ ጨርሰው ሁለተኛውን የጀመሩ ናቸው አሉ። ከማንኩሳ በባጃጅ ደርሰው «የአገሩን አነጋገር የሚያወራልን ሰው» ቢሉ መንደሩ በሙሉ ጣቱን ወደኔ ቤት ቀሰረ። ወደ ማን ሊቀስር ኖሯል!

ምን ልታደርጉ መጣችሁ አልኩት መምህሩን። «ቋንቋ እንዴት እንደሚጠና፣ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ሊማሩ ነው አባባ» አለኝ። ለመጠየቅም ትምህርት ቤት ይገባል? ሳቀ። «ይገባል እንጂ፤ በዚህስ ገና አንደኛ ክፍል ናቸው» አለ። ከሚቀረጸው ሁሉ አንዱን መርጠው ዓመቱን ሙሉ እያዳመጡ ይማሩበታል አሉ። ታዲያ የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

አዲሱን ጋቢዬን ለበስኩ። ሜሮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ መቅረጫውን ፊቴ አኖረች። ጫፉ ላይ የድመት ጭራ የመሰለ ጠጉር አለው፤ ነፋስ እንዳይገባበት ነው አለች። «የተከበራችሁ አድማጮች» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምርቱ፣ ስለ አገር ሰላም። ኧረ እንዴት አድርጌ ተናገርኩ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳

መምህሩ በጧት መጥቶ «አባባ፣ የትናንቱ ያማረ ነው። ግን የሬድዮ ነው። እኛ የእርስዎን ነበር የምንሻው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጋቢ ለብሼ!

ሜሮን ደግሞ በተራዋ «በሬን ምን ይሉታል?» አለችኝ። በሬ ነዋ! «ላምንስ?» አንቺ ልጅ፣ አማርኛ አትችይም እንዴ አልኳት። አንገቷን ደፋች። መምህሩ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «አያችሁ? ቃል ብትለቅሙ ቃል ብቻ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ሰውየውን ሥራው ላይ አግኙት» አላቸው። ለኔም አልደበቀኝም፤ የሚሆን ወሬ ካልተገኘ ዓርብ ወደ ሽንዲ ያልፋሉ።

ሽንዲ! ሽንዲ ማን አለና?

ልጅቱን በርበሬ ወዳሰጣሁበት ሜዳ ወሰድኳት። መቅረጫውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። እንዴት እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚገላበጥ ስነግራት የጎረቤቴ የአየነው አህያ መጥቶ ስጡ ላይ ተንከባለለ። በጀርባው! ጮህኩ። አየነው እየሮጠ መጣ። በአፍ ተያያዝን።

«አህያ ሜዳ አይቶ ቢንከባለል ምን ይደንቃል? መንገድ ላይ ያሰጣኸው አንተ!» አለኝ።

«አህያህ እንደ አባትህ ነው፤ ሳይጠሩት ይገባል!» አልኩት። አባቱ ያልተጠራበት ድግስ የሚሄድ ሰው ነበር፤ አገር ያውቃል። ከአጥር ማዶ ያሉት ሁሉ ሳቁ። አየነው አህያውን እየጎተተ ሄደ። አሸነፍኩት።

ሜሮን መቅረጫውን አላጠፋችውም ኖሯል! መምህሩ ሰምቶ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ይኸ ነው! ዓመት ያስተምራል!» አለ። ተመረጥኩ። ሽንዲ ይቅርታ ታድርግልኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተማሪዎቹ ዋርካው ሥር ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው የኔን ንግግር ይጽፋሉ። እህ ያልኩትን፣ የሳልኩትን፣ ሁሉን። ሳሌን ምን ልታደርጉት ነው ብላቸው ሜሮን «ያሉትን ነው የምንጽፍ፤ ሊሉት ይገባ የነበረውን አይደለም» አለችኝ። ወደድኳት።

ደስታዬ ግን አልቆየልኝም። መምህሩ መጥቶ «ሁለት ሰው የተናገረውን በአንድ ሰው ፈቃድ አንወስድም። እርስዎ ፈቅደዋል። አየነው ካልፈቀዱ ይጠፋል» አለኝ። እሱ ምን አግብቶት? ያሸነፍኩት እኔ! «ተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ይኸንን ነው» አለ፤ ፍንክች የለም።

ሜሮን አየነው ቤት ሄዳ ጠየቀች። «ታከለ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ» ብሎ መለሳት። እሱ ደጅ ከምቆም ሞቼ እገኛለሁ! እታገኝ፣ ምን ያስቅሻል? ጻፊ።

ልጅቱ አልለመነችኝም። «እሺ አባባ፣ አጠፋዋለሁ» ብቻ አለች። ብትለምነኝ እምቢ ማለቱ ይቀለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፳፪

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። መምህሩና ሜሮን ከኋላዬ። አየነው ደጁ ላይ ቀንበር ይጠርባል፤ ቀና አላለም።

«ፈቃድህን ልጠይቅ ነው የመጣሁ።»

«ምን አልከኝ?»

ሰምቷል። ደግሜ አልኩት። እሾህ እንደ መዋጥ ነው።

«እንግዲያው መጀመሪያ አሰሙኝ» አለ።

ሜሮን ከፈተችው። የገዛ ድምፅን መስማት ጉድ ነው! እኔማ የማን ሽማግሌ ነው የሚንጫጫው ብዬ ነበር። ስንሰዳደብ፣ ስንሰዳደብ፣ መሀል ላይ አህያው ያነጥሳል፤ በርበሬው ነው። ከዚያ ሳቅ ይሰማል። የኔና የአየነው ሳቅ! ስቀን ወዲያው ወደ ስድባችን ተመልሰናል። ስቄያለሁ ብዬ አልምልም ነበር፤ እሱም አላስታወሰው። «ድገሚው እስቲ ልጄ» አላት። ደገመችው። ቀንበሩን መሬት አስቀመጠ።

ስለ አባቱ ያልኳት ቃል ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ጠቆረ። «አባቴ ሳይጠሩት ድግስ የሄደ ጊዜ ቤታችን ምን ይበላ እንደነበር አንተ ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። «ሌላው ይሁን። ይቺን ግን ተማሪ አይሰማትም» አለ።

መምህሩ «ተናጋሪው ከፈቀዱ ይቆረጣል» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከተናገርኩት ሁሉ ጎበዟ እሷ ናት! አገር የሳቀላት! ቀንበሩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ይቆረጥ አልኩ።

አየነው ግን «አድሬ እነግራችኋለሁ» አለ። ይኸ ሰውዬ!

ዓርብ፣ ኅዳር ፳፫፣ ጊዮርጊስ

ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ሊነሳ ሞተሩ ይጮሃል። ሜሮን መንገዱን ታያለች። እኔ አላየሁም፤ እሺ፣ አይቻለሁ።

መጣ! ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ መጣ። መቅረጫው ላይ ጎንበስ ብሎ «እኔ አየነው ፈቅጃለሁ! ያቺ ነገር ትቆረጥ!» ብሎ ጮኸ። ደንቆሮ አይደለም እኮ፣ ቀስ በል አልኩት። እኔም ፈቅጃለሁ አልኩ። ሜሮን ያቀፈችኝ ጊዜ ሽማግሌ ባልሆን እዘል ነበር።

ሄዱ። የጻፈችውን በዓመቱ መጥታ ልታሰማን ቃል ገብታለች። ትምጣ አትምጣ አላውቅም። ከተማ ያሉት ሲሰሙን ምን ይሉን ይሆን? እሱንም አላውቅም። ልቤ ግን ከጧት ጀምሮ እንደ ጎረምሳ ይመታል።

በይ እታገኝ፣ ከሰኞ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ በይ፤ አየነው መደቡ ላይ ተቀምጧል። የማይወደው ካለበት ይናገርና ትሰርዢዋለሽ።