ግራጫው መስመር

ጥቅምት 6

ወንድሜ ዛሬም ቀለም ሲቀባ ዋለ። የምንሠራው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ቃላቱን በየዓይነታቸው ቀለም ማልበስ አለበት። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው አረንጓዴ፣ ከሁለት ስላሽ (//) በኋላ የሚጻፍ፣ ኮምፒውተሩ የሚዘለው ማስታወሻ ግራጫ። ይኸው ነው! ለዚህ ሳምንት ሙሉ ፓተርን፣ የትኛው ቃል የቱ እንደሆነ የሚለይ ቀመር፣ ሲጽፍ ከረመ። "ጋሼ፣ ላግዝህ?" ስለው፣ "አንቺ የሚጫኑትን በተኖች ጨርሺ" አለኝ። ማታ ላይ ወንበሩን አዙሮ፣ "አየሽ ሚጣ? በአንድ መስመር!"

ሚጣ... ሠላሳ ሊሞላኝ ነው እኮ።

ጥቅምት 7

ስህተቱን አገኘሁት! ፓተርኑ መጀመሪያ ስላሽ ነው የሚፈልገው፣ ጥቅሱን ከዚያ በኋላ። ጥቅሱ ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ ቢኖርስ? አድራሻ ሁለት ስላሽ አለው... ሞከርኩት። ከስላሹ ወዲያ ያለው ኮድ በሙሉ ግራጫ፣ ማስታወሻ መስሎ ቁጭ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ልንገረው? በተኖቼን እየጨረስኩ ነው።

ጥቅምት 9

ነገ አንዲት የኮድ አስተማሪ ሥራችንን ልታይ ትመጣለች። ለተማሪዎቿ ከወሰደችው ተረፍን። ካልወሰደችው "ቢሮውን ዘግቼ ተቀጥሬ እገባለሁ" ብሏል። ሸሚዝ ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቅሏል። ቀለም ቀቢ በሸሚዝ! ስህተቱን አልነገርኩትም።

ጥቅምት 10

አስተማሪዋ ገና ቁጭ ከማለቷ የትምህርት ቤቷን የድረ ገጽ አድራሻ በጥቅስ ውስጥ ጻፈች። ሌላ ምን ትጽፋለች? መስመሩ ግራጫ ሆነ።

"ይሄ ምነው?"

"አይ... ቀለሙ ብቻ ነው።"

"ልጆቹ የማይሠራ መስሏቸው ቢያጠፉትስ?"

ወንድሜ ላብ በላብ ሆነ። የተተኮሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ስስቅ እውላለሁ ብዬ ነበር... ሳቁ ከየት ይምጣ? አፈርኩ። በእሱ አይደለም።

"ሰኞ ተመልሼ ልየው" ብላ ሄደች። ያኔ ነገርኩት።

"ታውቂ ነበር?"

"ከማክሰኞ ጀምሮ።"

መብራቱን አጥፍቶ ወጣ። እኔ እዚያው ተቀምጬ።

ጥቅምት 12

እሁድ። ቢሮ ብቻዬን። ጥቅስ ከቀደመ ጥቅሱ፣ ስላሽ ከቀደመ ስላሹ ያሸንፍ የሚል ፓተርን ጻፍኩ። በአንድ መስመር! አድራሻው አረንጓዴ ሆነ። ኮራሁ። ወረድ ብዬ ሳይ... ሁለት ጥቅሶች ባሉበት መስመር ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም አረንጓዴ። መሃል ያለው ኮድ ሳይቀር! ሰውን ቀለም ቀቢ ስል ከርሜ እኔው ግድግዳውን ከነመስኮቱ ቀባሁት።

ጥቅምት 13

በጠዋት መጣ። አረንጓዴውን አየ። አሁን ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የመጀመሪያው የጥቅስ መዝጊያ ላይ ቁም አላልሽውም።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እኔም ባለፈው ወር እንዲሁ ሆኜ ነበር። ስንት ቀን አሳበደኝ... የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።"

ለእኔ ለመንገር ግን ደቂቃ አልፈጀበትም። አውቄ ለደበቅኩበት ለእኔ ይሄ ከስድብ የባሰ ነው።

እንዳለኝ አስተካከልኩት። አስተማሪዋ ከሰዓት መጣች። አድራሻዋን ጻፈች፣ አረንጓዴ። ከእሱ ወዲያ ያለው ኮድ በየቀለሙ። ሌላም ሌላም ሞከረች። ወሰደችው!

"ማነው ያስተካከለው?" አለች እየወጣች።

"ሚጣ" አለ።

ዛሬ አልከፋኝም።