የሻምበል የምሳ ሰዓት ኪኒን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውሻዬን ባስቸኳይ ላኪልኝ፣ ያ ሰውዬ ይገድልብኛል» ያልከው ደርሶኛል። በስልክ ከሆነ መጯጯሃችን ስለማይቀር ነው የምጽፍልህ።

እኔም እንዳንተው ነበር ያሰብኩት። ውሻህ ሻምበል በር ሲንኳኳ እየጮኸ ሮጦ ድንገት ዘጭ አለ። ምላሱ ሰማያዊ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ምንም እንዳልተፈጠረ ጭራውን ቆላ። ሌላ ቀንም ደገመው። ማታ ጥበቃ እየሰራ ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? የእማዬ ባል። «ይሄ ውሻ እንቅልፌን በላው» የሚለውስ? ራሱ። በቃ፣ መርዝ ነው አልኩ። ሳህኑን ሳሸት፣ ኪሱን በዓይኔ ስፈትሽ ከረምኩ። አንድ ቀን የሻምበልን ውሃ ሰውዬው ፊት ደቀንኩ።

«ቅመስ!»

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?»

«ቅመስ አልኩህ!»

ቀመሰ። እንደዛ ቶሎ መቅመሱ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ።

ሻምበልን አቅፌ እንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ አዳመጠችው፣ ራጅ አነሳችው፣ ደረቱን ላጨችና ልቡን በአልትራሳውንድ አየችው።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ሳንባው የቆየ በሽታ አለበት። የሳንባው የደም ስሮች ጠበው ግፊቱ በጣም ጨምሯል። የልቡ ቀኝ ጎን እሱን ሲገፋ ደክሟል። ሲሮጥ ለአንጎሉ በቂ ደም ስለማይደርስ ነው የሚወድቀው።»

«እና አስተንፍሽዋ!» ጎሚስታ ቤት የምትሰራ ልጅ ሌላ ምን ትላለች?

ሳቀች። ጨርሶ አይድንም፤ ግን ስሩን የሚያሰፋ፣ ሰውም የሚወስደው ኪኒን በየስምንት ሰዓቱ ሳይቋረጥ ከወሰደ፣ እንዳይሮጥና እንዳይደነግጥ ከተጠበቀ ደህና ጊዜ ይኖረዋል አለችኝ። ማሰሪያውም ከአንገቱ ወጥቶ ደረቱ ላይ ይሁን። «ረጅም መንገድ ግን እንዳታስቡት።»

ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አነበበ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ አነበበ።

«ይሄ እኮ ወንዶች ለአልጋ የሚወስዱት መድኃኒት ነው። ለማን ነው?»

«ለሻምበል።»

«ዕድሜያቸው?»

«አስራ አንድ።»

አስወጣኝ! ውጪ ቆሜ የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሐኪሟ ቀልዳብኝ ነው ብዬ ላፋጥጣት ስመለስ የእማዬ ባል መንገድ ላይ አገኘኝ። እየጮህኩ ነገርኩት። ማዘዣውን ከእጄ ወስዶ ገባ። በመስታወቱ አየሁት፤ ፋርማሲስቱ ፈገግ እያለ፣ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው፣ እሱ «ለውሻ ነው፣ በእግዜር!» ብሎ ይምላል። ማን ይመነው! ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣና ኪኒኑን ሰጠኝ። «እናትሽ ከሰው ከመስማቷ በፊት እኔ ልንገራት» አለኝ።

አላመሰገንኩትም። ምን ፈልጎ ነው አልኩ።

ጠዋትና ማታ እኔ እሰጠዋለሁ። ቀን ግን እማዬም እኔም ስራ ነን። እንግዲህ አስበው፣ ይመርዘዋል ያልኩት ሰው እጅ ላይ መድኃኒቱን አስቀመጥኩ። ጎማ እየፈታሁ ሰዓት ሰዓት አያለሁ። በመጨረሻ አላስቻለኝም፣ «ቁርጠት ያዘኝ» ብዬ አለቃዬን ዋሸሁና በጓሮ ዞሬ በመስኮት አጮለቅኩ።

መሬት ተቀምጦ ኪኒኑን በዳቦ ይጠቀልላል። «ዋጥ አርጋት ሻምበል፣ ያቺ ልጅ መጥታ እኔን ታስውጠኛለች።» ሻምበል ዋጠ። ክርኔ መስታወቱን ሲነካ ሻምበል ሊጮህ ተነሳ። ሰውዬው ማን እንደሆነ እንኳን ዞሮ አላየም። ደረቱን እቅፍ አደረገና «ቀስ፣ ቀስ በል የኔ ጌታ፣ የመጣው ይጠብቅ» አለው። ትንፋሹ እስኪረጋ አልለቀቀውም። ቀና ሲል ዓይኑ ደም መስሏል፤ ለካ እንቅልፉን አቋርጦ ነው የሚነሳለት። ሳላንኳኳ ወደ ስራዬ ተመለስኩ።

ስለዚህ አልልከውም ጋሼ። መንገዱ ይገድለዋል፣ ሰውዬው ግን አይገድለውም። ብትቆጣ ተቆጣ፤ ደውለህ ከጮህክብኝም ስልኩን እዘጋዋለሁ። ከናፈቀህ አንተ ና። ሰውዬውን ሰላም ባትለውም ግድ የለም፤ እኔም ገና አልጀመርኩም።

ያቺው ነገረኛ እህትህ