የሰሜኑ ግድግዳ ተራችን ነው

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ አግኔታ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ከስዊድን ወሬሽ ከጠፋብን ስንት ጊዜው! ያ ጀርባሽን የሚወጋሽ ነገር ተወሽ ወይ? ባልሽ ኒልስስ ደህና ነው? ልጅቷስ ቆማ ሄደች? እኛ እግዜር ይመስገን አለን፣ አለን ማለት ከተቻለ። ጽሑፌን ማንበብ ቢያቅትሽ አትቆጪኝ፣ ጀልባው ንፋስ እየጠበቀ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ።

ደሴታችን ባዶ ቀረች እትዬ። የሩሲያ ጦር ደረሰ ብሎ ሰው ሁሉ ወደ እናንተ ተሻገረ፣ መድፉ ከማዶ ሲያጓራ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ በጎቹን ለቀቅናቸው፣ ላሟንም ፈታናት። የቀረው የጋሼ ሂንድሪክ ጀልባ ብቻ ነው፣ እማዬ ግን አልሄድም አለች። ለምን ብትይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የሰሜን ግድግዳ እንጨቱ እንዳይበሰብስ ዝፍት መቀባት ዘንድሮ የኛ ቤት ተራ ነው አለች!

አንቺም ታውቂያለሽ፣ የጥንት አያቶቻችን የተሰበረ መርከብ እንጨት ከባሕር ጎትተው ከሠሩት ጀምሮ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ አንድም ቤት ተራውን ዘሎ አያውቅም ነበር። ወረርሽኙ ደሴቱን በጨረሰ ዓመት እንኳ ባል የሞተባቸው አራት ሴቶች ናቸው አሉ የቀቡት። ባለፈው ጦርነት ወታደሮች ደወሉን ሲወስዱትም ሰዉ እያለቀሰ ቀብቶታል። የዘለልነው እኛ ብቻ ነን፣ ባለፈው ተራችን ሲደርስ አባዬን ባሕር ወሰደውና። ይኸው ውሃ ገብቶበት የታችኛው ግንድ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። እማዬ ይሄንን ስታይ እንቅልፍ የላትም።

ትናንት ጋሼ ሂንድሪክ መጥቶ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ለሩሲያ ወታደር ቤት ልታሳምሪለት ነው ወይ ብሎ ጮኸባት። ለእግዜር ነው፣ እሱን ደግሞ በጀልባህ አልጫንከውም አለችው ከመሰላሉ ላይ ሆና። እሱም ኖኅም እኮ ዝፍት ቀብቷል፣ ግን ቀብቶ ተሳፈረ ሲላት ለመሳፈር የቀረው ሰው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ግን አልወረደችም። ቄሱም ለመኗት፣ እምቢ አለች።

ዛሬ ጠዋት ልሰናበታት ሄድኩ። ልሳፈር ነበር እትዬ፣ አልዋሽሽም፣ በጣም ፈርቻለሁ፣ ወታደር ሲመጣ ሴት ልጅ ምን እንደሚያገኛት ሰምቻለሁ። እሷም ሂጂ ልጄ፣ ዞረሽ እንዳታዪ ነው ያለችኝ። ጣራው ሥር ደርሳለች፣ ባልዲው በአንድ እጇ፣ ብሩሹ በአንድ እጇ፣ መሰላሉ ይንገዳገዳል። ሁልጊዜ የሚይዝላት አባዬ ነበር። ሄጄ ያዝኩት። በቃ፣ አንዴ ከያዝኩት በኋላ እንዴት አድርጌ ልልቀቀው?

ገና የሁለት ቀን ሥራ አለው ትላለች። ጋሼ ሂንድሪክ ይሄን ወረቀት ይሰጥሻል፣ አንቺ ግን ወደቡ ላይ ከሰው መሀል እኔን እንዳትፈልጊኝ።

ኒልስን እጅ ነሺልኝ፣ እናቱንም እንደዚሁ። ልጅቷን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አክስት አለሽ በያት።

እህትሽ ብሪታ
ታልሼር ደሴት፣ ኦገስት 4 ቀን 1944