ረታን ከበረዶ ምድር ለአገሩ አፈር ያበቁት የአቶ አረጋዊ ገብረዋሕድ የሕይወት ታሪክ

አቶ አረጋዊ ገብረዋሕድ ከአባታቸው ከግራዝማች ገብረዋሕድ ተስፋይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ሐጎስ በመስከረም ወር 1927 ዓ.ም. በዓዲግራት ተወለዱ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርትም እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ1956 ዓ.ም. በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በጭነት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስመረት በየነ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሣባን ወለዱ።

በሥራቸው ላይ ከውጭ አገር የመጣ የአስከሬን ሣጥን ካለ ከሁሉ አስቀድመው ያወርዱ ነበር፤ በላዩም ሌላ ዕቃ አያስጭኑም። አለቆች ሥራ ይጓተታል ብለው ቢነጫነጩም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. መንግሥታት የደቡብ ዋልታን የበረዶ ምድር ለመቀራመት ሲሽቀዳደሙ አገራችንም ልዑካን ላከች፤ አቶ አረጋዊም የጭነት ኃላፊ ሆነው ዘመቱ። በመንግሥታቱ ስምምነት መሠረት ዜጋውን እዚያ የቀበረ አገር መቃብሩ ያለበትን ምድር ይወርሳል። ጥቂት ወራት እንደቆዩ ወጣቱ የሬዲዮ ሠራተኛ ረታ በሳንባ ምች ዐረፈ። ረታ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጅ ነው፤ እናቱ ሲሸኙት አደራ ያሉት ለአቶ አረጋዊ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ትእዛዝ ግን እዚያው ይቀበር፣ ባንዲራም ይተከልበት የሚል ሆነ።

አፈር በሌለበት እንዴት አፈር ይለበሳል? አቶ አረጋዊ ባንዲራውን ለረታ አልብሰው፣ የድንጋይ ናሙና ተብሎ በተጻፈበት ሣጥን አድርገው፣ በላዩ ምንም ሳያስጭኑ ቦሌ አደረሱት። ምድሩን ሌላ አገር ወሰደው። እሳቸውም አገር ሸጠሃል ተብለው ሁለት ዓመት ከቤታቸው ራቁ፤ የት እንደነበሩ ለቀስተኛው ያውቃል። ወይዘሮ አስመረት ያን ጊዜ በባለቤታቸው እጅግ ተማርረው ነበር፤ እውነቱ ይነገር።

ሲመለሱ ሥራቸው ስላልተመለሰላቸው ትንሽ ሱቅ ከፍተው ቤተሰባቸውን አስተዳደሩ። በረዶ የሚባል ነገር አምርረው ጠሉ፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሲጋበዙ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ ሲሞቅ ይጠጡ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ በየሙት ዓመቱ እየመጡ «ልጄን ለአገሩ አፈር አበቃህልኝ» ብለው ግንባራቸውን ይስሟቸው ነበር።

አቶ አረጋዊ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 18 ቀን 1981 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ሣባን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ ደብሪቱ ዛሬም ከመካከላችን ናቸው፤ ከረታ ጎን ለራሳቸው ያቆዩትን የመቃብር ቦታ ለአቶ አረጋዊ ለቀዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያኑርልን፤ ከአደራቸው ጎን የሚለብሱት አፈርም ይቅለላቸው።