ልጅቷስ ደህና ናት?

ኅዳር 14፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን ሲሻልሽ አቁመሽ ሲብስብሽ እንደምትጀምሪው እህቴ ነግራኛለች። እባክሽ እማዬ፣ መድኃኒት እንደ ዣንጥላ አይደለም፤ ሲዘንብ ብቻ አይዘረጋም።

እኛ ደህና ነን። አማችሽ ትንሽ ወፈር ብሏል። ዝምታው ግን ያው ነው፤ ልጆች ፊት ሲቆም ብቻ አፉ ይፈታል።

ባለፈው ስልክ ላይ «ውሉ አለቀ አይደል፣ መቼ ነው የምትመጡት?» ስትዪኝ ዝም አልኩ። አንቺም መስመሩ ተቋረጠ ብለሽ ዘጋሽው። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። በስልክ የሚነገር ሆኖ ስላላገኘሁት ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ሰው ፊት ጮክ ብለሽ አታንብቢው።

ኑሯችንን ታውቂዋለሽ። ቤታችን ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ። እሱ ምድር ቤት ሕፃናት ያስተምራል፣ እኔ ከላይ አዋቂዎች። የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ ሲያዘምራቸው ወለሉን አልፎ ይሰማኛል። ምሳ እሱ ያበስላል፣ እኔ ወረቀት አርማለሁ። የአገሩን ቋንቋ በተመለከተ «ስንት ነው?» እና «አልገባኝም» ከማለት ብዙም አላለፍንም። በነዚህ ሁለቱ ግን ሰው መኖር ይችላል፤ አይተነዋል።

ነገሩ የጀመረው ባለሱቁ ጋ ነው። ዳቦ በገዛሁ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ አንዲት ካራሜላ ይጥልና መዳፉን ወገቡ አጠገብ ዘርግቶ ፈገግ ይላል። ዝርዝር አጥሮት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከእኛ በታች ያሉት አሮጊት፣ ደረጃ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ ፊቴን አያዩም፤ ከኋላዬ፣ ዝቅ አድርገው ያያሉ።

አልገባኝም እያልኩ አልፋለሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ያለፈ ጊዜ ግሥ እያስተማርኩ «ትናንት ምን አያችሁ?» አልኳቸው። ከተማሪዎቼ አንዷ ፋርማሲስት ናት፤ ጎበዝ፣ ቁም ነገረኛ ሴት። ተነሳችና «ቲቸር፣ ትናንት መናፈሻው ውስጥ ባልሽንና ልጅሽን አየኋቸው» አለች።

ሳቄ መጣ። ቋንቋ ክፍል ውስጥ ሰው የማይለው የለም፤ አንዱ «አማቴን በላኋት» ብሎኝ ያውቃል፣ አብሬያት በላሁ ለማለት። «እህት ለማለት ፈልገሽ ነው?» አልኳትና ሁለቱንም ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። «ይቺ እህት ናት። ይቺ የወለድሻት ናት።»

«አዎ፣ የወለድሻት» አለች። «የባልሽን እጅ ይዛለች። ሰላም ስላት አፈረች፤ እንዲህ አደረገች።» አገጯን ወደ ግራ ትከሻዋ ቀበረችና በአንድ ዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችኝ።

ክው አልኩ። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። አንቺን።

«ስድስት ዓመቷ ነው አይደል?» አለችኝ። የሌሎቹን ፊት አየሁ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ጡረተኛ እንዲያውም «በጣም ጨዋ ልጅ ናት» አለ፣ ግሡን አስተካክሎ።

ስድስት። ያቺ ሰባት ወር ተሸክሜያት ከሆስፒታል ባዶ እጄን የወጣሁባት ልጅ ብትኖር ስድስት ትሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአማችሽ ጋር ስለሷ ቃል ተንፍሰን አናውቅም። ወደዚህ ስንመጣም ሥራ አግኝተን ነው ብለን ወጣን እንጂ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ «ዘንድሮስ?» የሚል ጠያቂ የሌለበት አገር ፈልገን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር።

«እኔንም ይጠይቁኛል» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ምን ትላቸዋለህ?»

«ደህና ናት እላለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አእምሮህን ሳትክ እንዴ?»

«መጀመሪያ ሰሞን የለንም እል ነበር። ፊታቸው ይጨልማል። ደህና ናት ስላቸው ደስ ይላቸዋል።» አንዷን ድንች ልጦ ጨረሰ። «እኔንም ደስ ይለኛል።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ። መንገድ ሲሻገር ግራ እጁ ከጎኑ ትንሽ ራቅ ብላ ትንጠለጠላለች፤ እርምጃውም ያጥራል። ቤት ሲገባ በሩን ወዲያው አይዘጋም። ካራሜላዎቹን የምወረውርበት መሳቢያ ውስጥ አንድ ቀን ልጣጫቸው ብቻ ተጣጥፎ ተደርድሮ አገኘሁ። «በላሃቸው?» ብለው፣ «ጥርሴን አታውቂውም?» አለኝ።

ፈራሁ እማዬ። ልጅቷን ይሁን እሱን፣ አላውቅም። ፍርሃቴ ደግሞ ወደ ንዴት ዞረ። ፋርማሲስቷን ለብቻዋ ጠርቼ «ልጅ የለንም፤ ኖራንም አታውቅም የሚለውን በቋንቋችሁ አስጠኚኝ» አልኳት።

«ለምን ትዪዋለሽ?» አለች። «ቲቸር፣ ትሰማሻለች እኮ።»

እሺ አላልኳትም። አስጠናችኝ።

ያለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ አሮጊቷ የደረጃውን መደገፊያ እየወለወሉ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ፤ አሁን ቃሉን ለይቼዋለሁ፣ «ልጅቷስ?» ነው የሚሉት። እዚያው ቆሜ ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር በጩኸት አልኩት። ደረጃው ስለሚያስተጋባ ድምፄ እስከ ላይ ወጣ። አሮጊቷ መወልወያውን ጣሉ። ከላይም ከታችም በሮች ሲዘጉ ሰማሁ።

በማግስቱ ባለሱቁ ዳቦዬን ሰጠኝ፤ ካራሜላ የለም፣ ፈገግታም የለም። ክፍል ውስጥ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አማችሽ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መጣ።

«ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«እውነቱን።»

ወንበር ላይ ተቀመጠና ግራ እጁን አውጥቶ መዳፉን አየው። «እጄን በረደኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ሲያዘምር አልሰማሁትም።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ቤት ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ፤ አሮጊቷ ናቸው። ጥቂት የተሰባበረ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። «ልጅ» አሉ። «ደረጃ። ብርድ።» ዓይናቸው ቀልቷል። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዛሬ።»

«እማማ፣ ልጅ የለኝም» አልኳቸው፣ በአማርኛ፤ ግራ ሲገባኝ አማርኛው ነው የሚቀድመኝ።

አማርኛውን ሲሰሙ ደነገጡ። ልክ እንደዚህ ነው የምትናገረው ለማለት ይመስለኛል፣ መጀመሪያ አፌን ቀጥሎ ደረጃውን ጠቆሙኝ። ከዚያም አንድ ቃል እንደ ትኩስ ድንች አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ፣ «ክፍ... ክፍቱልኝ» አሉ። «ክፍቱልኝ ምንድን ነው?»

እማዬ፣ ያቺን ቃል እዚህ አገር ከእኔና ከባሌ በቀር የሚያውቃት የለም። እኛ ደግሞ ቁልፍ አለን፤ ብለናት አናውቅም።

ወጥቼ አየሁ። ደረጃው ላይ ማንም የለም። የአሮጊቷ የሱፍ ሻርፕ ብቻ ከግድግዳው ተጠግቶ አለ። እንደ ወደቀ ጨርቅ ግን አልተኛም። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ ቆሟል።

መሮጥ ነበረብኝ ይሆናል። አንቺ እኔን አራት ቀን ብርድ ላይ ቆሜ ብታገኚኝ ምን ታደርጊ ነበር? በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና «ነይ» አልኩ። «ግቢ በይ፣ ይበርድሻል።»

ሻርፑ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተኛ። እግሬ አጠገብ፣ ቀሚሴን ዳስሶ፣ ቀዝቃዛ አየር አለፈ። አሮጊቷ ሻርፓቸውን አነሱ፣ አራገፉ፣ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝና ወረዱ።

አማችሽ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመ። እኔን አይደለም ያየው፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ነው።

«አስገባሻት?»

«አስገባኋት።»

ኮቱን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ስለ ሆስፒታሉም፣ ስለዚያ ክፍልም፣ እሱ ብቻውን ታቅፏት ስለነበረባት ጥቂት ደቂቃም ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። ማቀፉን እንኳ አላውቅም ነበር። አንቺ ታውቂ ነበር?

በማግስቱ ውሉን አደስን። ዳይሬክተሩ ደስ አለው። ወደ አገር ብንነሳ ትከተለን አትከተለን የምናውቀው ነገር የለም፤ እንደገና በር ላይ ትተናት መሄድ ደግሞ አይሆንልንም። ስለዚህ አትጠብቂን እናቴ። አበዱ ብለሽም አታልቅሺ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ትናንት ባለሱቁ መዳፉን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲጠይቀኝ፣ በቋንቋው «ደህና ናት» አልኩት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስም አውጪላት። እኛ እስካሁን «ነይ» እና «ቀስ በይ» ብቻ ነው የምንላት፤ ልጅ እንደዚህ አያድግም። አስበሽበት፣ መርቀሽ ላኪልን። መልስሽ እስኪመጣ ደጅ ደጁን አያለሁ።

እንጀራሽ አይጉደል፤ ጉልበትሽ ይጽና፤ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሁሉ መልካም ይሁንልሽ። ስትጸልዪልን ከእንግዲህ ሁለት ብለሽ አትቁጠሪን።

ሦስታችንም እንስምሻለን።

የሆድሽ ፍቅፋቂ፣
ልጅሽ