ከአማች የመጣ ሰልባቲዮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ኧረ አላበውም! የመኪና ሰልባቲዮ፣ የቤንዚን ቋት፣ ያልበዋል እንዴ? በሬ ነው? ላብ ቢሆን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ጣቴን ነክሬ አፍንጫው ስር አደረግኩለት። አባባ ፊቱን አዞረ። «ብረት ሲቀዘቅዝ ያልበዋል» አለ ደግሞ። ከዛ ሻዩን ጠጣ። ጨው አነሰው አለ።

ሌላ ምንም የለም። ኩበት አስገባሁ። ውሃ ቀዳሁ። ዛሪፓ እንዳትሸከም ስለተባለ የሷንም ቀዳሁ። ኤርማት ሩሲያ ሄዶ ግንበኛ ሆነ፣ ሚስቱን ከነሆዷ ለኛ ትቶ። ጎበዝ ወንድም።

ሐኪሟ ልጁ ተጋድሟል ብላለች። እዚህ ሙርጋብ አይሆንም፣ ኮሮግ ትልቁ ሆስፒታል ነው የምትወልደው፣ ጥቅምት ሳያልቅ መሄድ አለባት። በኛ ዳቦ። ሰው ሁሉ ዳቦ ነው የሚላት መኪናዋን፣ ቅርጿ ዳቦ ስለሆነ። ሦስት መቶ ኪሎሜትር፣ መሀል ላይ ማደያ የሚባል የለም። እና ከስሯ ጠብ... ጠብ...

ላብ ነው ይለኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አወረድነው። በስንት ጭቅጭቅ። በያጁ ኦሮዝባይ ጋ ወሰድነው። ስፌቱ ላይ አውራ ጣቱን አድርጎ ጫን አለ። ጣቱ ገባ። በቃ ገባ!

«አርዚኩል አኬ» አለው አባባን፣ ታላቅ ሰው አኬ ይባላል፣ «ይሄን ከምን ጋር ነው የምበይደው? ከአየሩ ጋር?»

እኔ ሳቅኩ። አባባ አልሳቀም።

ከዛ ገበያ፣ ሱቅ የሆኑት ኮንቴይነሮች ጋ። አዲስ አለ፣ ከቻይና ድንበር የመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። በጉልበቴ ጫን ስለው ላሜራው ጎደጎደና ጧ! ብሎ ተመለሰ። የብስኩት ጣሳ ነው እንጂ ምን ሰልባቲዮ ነው። አፉ በግራ፣ የኛ በቀኝ። የመለኪያው ቀዳዳ ስድስት ብሎን፣ የኛ አምስት።

ሻጩ፣ «ይስተካከላል እህቴ፣ መዶሻ የላችሁም?»

«መዶሻማ አለን። ግን ስንሰነዝረው ሰልባቲዮው ላይ ማረፉን እንጃ።»

አባባ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ። መንገድ ሙሉ አላናገረኝም። እኔ ባልናገር ግን ገዝቶት ነበር። ያንጸባርቃላ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

አገኘሁ!

እማማ ቡሩልቻ ግቢ። የባላቸው መኪና፣ የኛው ዓይነት ዳቦ፣ ጎማ የላት ሞተር የላት፣ ፍየሎች ያድሩባታል። ባልየው ከሞቱ አራት ዓመት። ሰልባቲዮዋ ግን... በጣቴ አጥንት አንኳኳሁት፣ ድፍን ያለ ድምፅ፣ የትም ቦታ አልተለወጠም። ባትሪና የዛሪፓን መስታወት አስገብቼ ውስጡን አየሁ። ግራጫ። ንጹሕ። አንድ ጭብጥ ደረቅ ጠጠር ጨምሬ ነቀነቅኩት፣ ጠጠሩ እንደገባ ወጣ። ሰውየው ሳይሞቱ በፊት አድርቀው፣ ዘይት ቀብተው፣ አፉን ገጥመው ነው ያስቀመጡት። እንዲህም ያለ ሰው አለ! አምስት ብሎን። አፉ በቀኝ።

«ስንት ይላሉ እማማ?»

«የሶሞኒ ገንዘብ ምን ይሠራልኛል። አንዲት እናት በግ።»

«እናት በግ? ለቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮ ከሆነማ ጭንቅላትሽን ከተሽበት ግማሽ ቀን ምን አዋለሽ?»

ያዙኝ። አሮጊቷ ያዙኝ።

«ይሄን ምላስ ይዘሽ ትምህርቱን ለምን ተውሽው?»

«ምላሴ ነው ያስተወኝ።»

ሳቁ። ጥርስ የላቸውም። ወደድኳቸው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ መምህሩ «ሴት ሞተር ምን ያደርግላታል» ሲል «ለርስዎ ጭንቅላት ምን እንዳደረገልዎት እሱን ይንገሩኝ» ማለቴን ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አባባ እሺ አለ። እሁድ በጓን እንወስዳለን አለ። ጽፌዋለሁ፣ በኋላ እንዳይክደኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ካደኝ።

ሳይፒዲን መጣ፣ የዛሪፓ አባት። ከአባባ ጋር «ኩዳ» ይባባላሉ፣ ልጅ ለልጅ ስለተጋቡ። ቤቱ ከኛ ፊት ለፊት፣ ገበያ ውስጥ ደግሞ የመለዋወጫ ኮንቴይነር አለው። ሰልባቲዮ ተሸክሞ! አረንጓዴ ቀለም፣ ገና እጅ የሚይዝ። አፉ ላይ ነጭ ሻሽ ታስሯል። ልንድረው ነው?

«ኩዳ! ልጄን የምትወስደው መኪና ሆዷ ባዶ ነው ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ!»

አባባ ዘሎ ተነሳ። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። «ኩዳ፣ ምን ብዬ... ኩዳ...» ያ የቆርቆሮ ሸክም ደረቱ ላይ፣ ቀለሙ ሸሚዙ ላይ።

እኔ ባትሪዬን ይዤ ተነሳሁ። ሻሹን ልፈታ።

«ጂፓር።»

«ውስጡን ልየው ብዬ ነው።»

«ጂፓር! ሻይ ቅጂ።»

ሳይፒዲን ሳቀ። «ይተዉአት ኩዳ! ጉምሩክ ልትቀጠር ነው መሰለኝ!» አባባም ሳቀለት። ዛሪፓ ብቻ አልሳቀችም። ቦርሶኩ ላይ አፍጥጣ ነበር። የተጠበሰ ሊጥ ምኑ ይታያል?

ከሄደ በኋላ ጦርነት። ከኩዳ ቤት የመጣ ነገር ተከፍቶ አይታይም ይላል አባባ። ፊቱ ላይ ብታይ ሌባ ብለኸዋል፣ ከጀርባው ብታይ ደግሞ ሌባ ብለኸው ፈርተኸዋል። «ለሠርጉ ጨርቅ ሲያመጡልን ብርሃን ላይ አንስተን አየነው?»

«ጨርቁ ውስጥ ቤንዚን አንሞላማ!»

ማንኪያ ወረወረብኝ። ሳተኝ።

ማታ ላይ ኤርማት ደወለ። ሳይፒዲን ቀድሞ ደውሎለታል ማለት ነው። «አታዋርጂኝ» አለኝ። ሚስትህ ናት እኮ የምትጫነው አልኩት። «የሰጠው አባቷ ነው። አባቷ ክፉ ያስብላታል?»

አፌ ተዘጋ። የኔ አፍ! ክፉ ያስባል መቼ አልኩ? ውስጡን ልየው ነው ያልኩት... ይሄ ክፉ ነገር ነው?

በጓ ቤቷ አደረች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተገጠመ። መኪናዋ ተነሳች። አባባ አፏጨ። ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ፣ ለሽንት። አባባ ከመኪናዋ ስር። እግሩ ብቻ ይታያል። ብርሃን እንኳ የለውም፣ በዳበሳ ነው። ፊልትሮውን፣ የቤንዚን ማጣሪያውን፣ ፈትቶ ሳህን ላይ ያራግፋል። ቀይ ጭቃ።

«አሸዋ ነው» አለ ሲያየኝ።

«አባባ።»

«ከጀሪካኑ የመጣ ነው።»

«ማግኔት ላምጣልህ?»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ከዛ፣ «ማንም እንዳይሰማ» አለኝ።

ያውቃል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። በየጠዋቱ ሳንነሳ እየወጣ ያጥባል። አውርደን በጠጠር እንጠበው አልኩት። ካወረድነው ሳይፒዲን ከደጁ ሆኖ ያየናል አለኝ። አባቴ ስድሳ ዓመቱ ነው፣ መሬት ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ በዚህ ብርድ፣ የሌላ ሰው ዝገት ይደብቃል። ሳያውቅ የሚሳሳት ሰው እችላለሁ። አውቆ የሚሳሳተውን ምን ላድርገው?

ከሰዓት አባባና ሳይፒዲን መንገድ ላይ ተገናኙ።

«እንዴት ነው ስጦታዬ ኩዳ?»

«ወርቅ ነው! ወርቅ!»

በዝገቱ ቀለም ከሆነ እውነቱን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

እጄ ገና አልሞቀም። ግን ልጻፍ።

ትናንት ጠዋት ለኮሮግ ወጣን። አባባ፣ ዛሪፓ፣ እኔ። ሰማንያ ኪሎሜትር ደህና። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ሞተሯ ማሳል ጀመረች። አባባ ፊልትሮ ቀየረ። ሃያ ደቂቃ ሄድን። ቀየረ። አሥር ደቂቃ። ሦስተኛው ላይ በቃት። ሜዳ፣ በረዶ፣ ንፋስ። ሰው የለም። ስልክ አይሠራም።

ቱቦውን ፈትቶ በአፉ ነፋ። አልሆነም። ሳበ። ዋጠው። ቤንዚኑን... ተንበርክኮ ሲያስል፣ ሲያስል፣ መኪናዋን በጡጫ ሲመታት። አባባ መኪና ሲመታ አይቼ አላውቅም። የምመታው እኔ ነኝ።

ውስጥ ዛሪፓ በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ አሻታለሁ።

«ጂፓር። ያቆመን የአባቴ ሰልባቲዮ ነው አይደል?»

«እና የማን ሊሆን ነው?»

«ኮንቴይነሩ ጀርባ ወድቆ የነበረው ነው። ጎኑ ጎድጎድ ያለው። አፉን ከፍቶ ሁለት ዓመት በረዶ ገብቶበታል። ካልሲ አሰጣበት ነበር።»

«ታውቂ ነበር?!» ጮህኩ። አባባ ከውጭ ዞሮ አየኝ።

«ይዞት ሲገባ አወቅኩት።»

«አፍሽ የት ነበር ታዲያ?»

«አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር።» ድምጿ እንኳ አልጨመረም። «እኔ እዚህ የሰው ቤት ነኝ። የገዛ አባቴን ሙልጭ አድርጌ ሰድቤ ማን ፊት ልቆም ነው? እዚህስ? እዚያስ?»

ማሸቴን ቀጠልኩ።

አምስት ሰዓት ሙሉ። ከዛ ወደ ድንበር የሚመለስ የጭነት መኪና መጣ፣ ጎትቶ መለሰን። ገመዱ ሁለቴ ተበጠሰ። ሹፌሩ ለአባባ ሻይ ሰጠው። አባባ ጽዋውን መያዝ አቃተው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

አባባ ተኝቷል። ቤንዚኑ ሳንባው ገብቷል አለች ሐኪሟ። ሲተነፍስ ይሸታል። ከምድጃው አራቅነው። ቀልድ አይደለም።

ዛሪፓ ከትናንት ጀምሮ ወገቧን ትይዛለች። ሐኪሟ እሷንም አየቻት። «ከእሁድ አታሳልፉ» አለች።

ሳይፒዲን ሾርባ ይዞ ሊጠይቅ መጣ።

«ምን ነካዎት ኩዳ?»

«ብርድ» አለ አባባ። ድምፅ የለውም።

«መኪናዋስ?»

«ቤንዚኑ ቆሻሻ ነበር። ሰልባቲዮዎማ...» ሳሉ ያዘው። ጉሮሮው እንኳ ሊውጠው አልቻለም ውሸቱን። እኔ ወጣሁ። ባልወጣ ሾርባው ሳይፒዲን ቆብ ላይ ነበር።

ቆይ... ሰውየው እውነት አያውቅም? ወይስ ቀለም ሲቀባው ራሱም አመነው? የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ የአባባን እግር ሲሸፍን አየሁት። ቀስ ብሎ፣ እንደ ወንድም። እዚህ ጋ ነው የምቃጠለው። መጥፎ ሰው ቢሆን እኮ ቀላል ነበር።

እማማ ቡሩልቻ ልከውብኛል፦ ከካራኩል ገዢ መጥቷል፣ ነገ ጠዋት ካልመጣሽ እሰጠዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ኤርማት አኬ፣ ይሄን ገጽ ብቻ ነው ፎቶ አንስቼ የምልክልህ። ሌላው ያንተ አይደለም። በስልክ ብነግርህ እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ አንብብ።

በጓን ጠዋት ወስጄ ሰጠሁ። አባባን አልጠየቅኩትም። ሳይፒዲን ገበያ ከሄደ በኋላ ሚስትህና እኔ አረንጓዴውን አወረድነው። በዛ ሆዷ ባትሪ ያዘችልኝ። ሙሉ ሻሽ ቀይ ጭቃ ወጣው፣ ስሩ ደግሞ ሦስት ቦታ ወንፊት ሆኗል፣ ቀለሙ ብቻ ነው የያዘው። የእማማ ቡሩልቻን ገጠምነው። ቱቦውን አጠብኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ አንድ ሰዓት አስነስቼ ቆምኩ። ጠብታ የለም። ሳል የለም። ኦሮዝባይ ነገ ሊነጋ ሲል መጥቶ ይነዳልናል። የዛሪፓ እናትም አብራት ትሄዳለች ተብሏል።

አሁን ችግሩ። አረንጓዴው ግቢ ውስጥ ተገልብጧል። ሳይፒዲን ሲመሽ ከገበያ ይመለሳል፣ በበራችን ነው የሚያልፈው። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ «ሳያይ መልሺው» ይለኛል፣ ድምፅ ስለሌለው በእጁ። አልመልስም። ብትገድሉኝ አልመልስም። ብደብቀውም ነገ ይጠይቃል፣ አባባ ደግሞ ወርቅ ነው ይለዋል፣ ከዛ በሚቀጥለው መንገድ ተመልሶ ይገጠማል። አባትህን ታውቀዋለህ።

ሰውየው መስማት አለበት። ማን ይንገረው?

እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት፣ በጣም አሪፍ አሪፍ ነገር አለኝ። ግን ከኔ ከሰማ ተቆጥቶ የዛሪፓን እናት አብራት እንድትሄድ አይለቅም። ይሄን እንኳ አውቃለሁ።

ሚስትህ ከምሳ ጀምሮ ነጩን ሻሿን አስራ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። «እኔ እነግረዋለሁ» አለች። ዛሪፓ! ለምኛት ነበር፣ አትናገሪ ብዬ። እኔ ሰው አትናገር ስል አስበው። አልሰማችኝም። ተነሺ ብላት አትነሳም። አባቷ ፊት ቆማ ይሄን ካለች በኋላ የማን ልጅ ትሆናለች? ነገ ብቻዋን ነው የምትሄደው። ልጅህ በተጋደመበት።

አንተ አማቹ ነህ። ልጁን ሰጥቶሃል። ካንተ ይሰማል፣ ካንተ ቢሰማ አያፍርም። የፈለግከውን በለው። እኔ ነኝ ሌላ ያስመጣሁት በለው። ሐኪሟ ናት ያዘዘችው በለው። እህቴ እብድ ናት፣ ትምህርት ቤትም ያባረሯት ለዚህ ነው፣ የእጅዎን ስጦታ ያለ አባቷ ፈቃድ ነቀለችው፣ ስመለስ እቀጣታለሁ በለው። እሺ። እብድ ልሁን። ሲያልፍ ፊቱ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር። እኔ! ይሄን ያህል ነው የደረስኩት።

እዛ ገና ቀን ነው፣ ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው። «ሥራ ላይ ነኝ» እንዳትለኝ። ግንቡ አይሸሽም።

ፀሐይዋ ተራራው ላይ ልታርፍ ነው። መጀመሪያ ለሱ ደውል፣ ከዛ ለኔ። ደጁ ላይ ነኝ፣ ስልኩን በእጄ ይዣለሁ። ሳይጨልም ደውልልኝ ኤርማት። ሳይጨልም!